የዘሊካ ሂና ለፈተና የተቀመጠ ዕለት

በዚህ አገር የሰው መኖር የሚታወቀው በወረቀት ነው። ዘሊካ አብዱልወሃብ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ወረቀት ስትኖር፣ ይባስ ብሎም ያለ ወረቀት ስትሠራ ተገኘች። ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ በተከራየቻት አንዲት ክፍል በረንዳ ላይ፣ ሁለት በርጩማ፣ አንድ ሳፋና አንድ ቆርቆሮ የሂና ዱቄት ይዛ የስንቱን ሽበት ስትቀባ ኖረች፤ የሒሳብ መምህሩን፣ የጤና ጣቢያዋን ነርስ፣ የሐጂውን ጢም። የተማረረባት የለም ማለት ውሸት ነው። ተማርረውባታል፤ ተማርረውም ተመልሰው መጥተዋል።

ቢማረሩም ጥፋቱ የሂናው ነው። ሂና እንደ ካድሬ አንድ ንግግር ይዞ በየአዳራሹ አይዞርም። ነጭ ፀጉር ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ካሮት ይመስላል፤ በሁለት ቀኑ በስሎ ወደ ቡናማ ይወርዳል። ጥቁር ፀጉር ላይ ፀሐይ ካልመታው መኖሩም አይታወቅም። ከፓኬት በወጣ ቀለም ላይ ሲደረብ አንዳንዴ ሻጋታ የመሰለ አረንጓዴ ያመጣና ባለቤቲቱን ሳምንት ሙሉ ሻሽ ያሳስራታል። ቅባት ያለበት ፀጉርማ ጭራሽ አያስጠጋውም። ዘሊካ ይህን የተማረችው ከሰው ራስ ላይ ነው። ስለዚህ ማንንም ከመንካቷ በፊት ትጠይቃለች፦ «ምን ተቀብተው ነበር? መቼ? ቅቤስ?» ከዚያ ማበጠሪያ ላይ የቀረች ፀጉር ወስዳ ሂና ውስጥ ታሳድርና በማግሥቱ ለባለቤቲቱ ታሳያታለች። «ይህ ነው የሚሆነው፤ ይሁን?» ይሁን ስትባል ብቻ ትቀባለች።

በግንቦት ወር በሯ ላይ ደብዳቤ ተለጠፈ። የውበት ሥራ የሚሠራ ሁሉ የሙያ ብቃት ምዘና ይውሰድ፤ ያልወሰደም የወደቀም ቤቱ ይታሸጋል፤ የወደቀ ደግሞ ዳግም የሚፈተነው ከስድስት ወር በኋላ ነው። የባሕር ዳር ሽበት ስድስት ወር ቆሞ የሚጠብቃት ይመስል! ደብዳቤውን ያነበበላት ጎረቤት እንኳ ሲጨርስ ዓይኗን ማየት አልቻለም። ከዚያች በረንዳ ሌላ መሄጃ እንደሌላት ሰፈሩ ያውቃል።

ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ቀረበች። ምዘናው የሚሰጠው ሐይቁ አጠገብ ባለ፣ ስሙን ብንተወው በማይከፋው አንድ አዳራሽ ነው። አራት የፀጉር ማጠቢያ አለው፤ ውሃ የሚመጣው በአንዱ ነው። የውሃ ማሞቂያ አለው፤ መብራት የለም። ሃያ ልጃገረዶች ከቱቦ የሚጨመቅ ቀለማቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ዘሊካ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ዘንቢሏ ውስጥ ዱቄቷ፣ ሦስት ሎሚ፣ አንድ የልብስ ሳሙናና በወፍራሙ የፈላ ሻይ የሞላ ፔርሙዝ አለ። ሻዩ ለመጠጥ አልመጣም፤ ሂናው የሚቦካው በእሱ ነው። በትኩስ ነገር ካልተቦካ ቀለሙን ቶሎ አይለቅም።

መዛኙ አቶ ግሩም ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ ጠጉሩን በጄል ያቆመ ወጣት ነው። በእጁ ቅጽ አለ። ቅጽ የያዘ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር መያዝ አያስፈልገውም፤ እውቀትም ቢሆን።

«ማዘር፣ ልጅዎን አጅበው ነው?»

«ተፈታኝ ነኝ።»

«በምን?»

«በሂና።»

ቅጹን አገላበጠ። «ተፈጥሯዊ ወይም ሰው ሠራሽ ቀለም» የሚል መስመር ላይ ሲደርስ ቅር አለው። «ይፈቅዳል ለካ» አለና ከኪሱ ቁጥር የተጻፈባቸው ሰባት ቀለማት ያሉበት ካርድ አወጣ። «የሚጠበቀው ውጤት ቁጥር አራት ነው። ጥቁር ቡናማ። ሁሉም ላይ።»

«በማን ራስ ላይ?»

«በደረሰዎት።»

የሚቀባውን ራስ የሚያድለው ዕጣ ነበር። ቀደም ሲል ተፈታኞቹ ሞዴል ይዛችሁ ኑ ሲባሉ አስቀድመው የተቀቡ እህቶቻቸውን እየጎተቱ መጡ፤ የምዘና ማዕከሉም ቀድሞ ለጠቆረ ፀጉር አጨብጭቦ «ብቁ» ሲል ከረመ። ሲነቃባቸው ፈቃደኛ ሴቶችን ሰብስቦ በዕጣ ማከፋፈል ጀመረ። ለዘሊካ ወይዘሮ ሰገነት ደረሰቻት።

ሰገነት የአንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ኃላፊ ናት፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ግማሽ ራሷ ነጭ ነው። ልጇ ሔራን ቅዳሜ ትመረቃለች። የድሮ በራሪ ጽሑፍ «ንዑስ ከበርቴ» እያለ ሲረግማት የኖረችው ሴት በአካል ብትመጣ ይህችን ትመስል ነበር፤ የእጅ ቦርሳዋን እንኳ ወንበር ላይ የምታስቀምጠው እንግዳ እንደምታስተናግድ ነው። ከቱቦ ከሚጨምቁት ልጆች አንዷ ትደርሰኛለች ብላ ነበር የመጣችው።

«ይቺ ናት የምትቀባኝ?»

«ዕጣ ነው እንግዲህ» አለ ግሩም።

«ዕጣውስ ይሁን። ያ ቆርቆሮ ምንድን ነው?»

«ሂና ነው፣ እትዬ» አለች ዘሊካ። «ከመጀመሬ በፊት ልጠይቅዎት። ፀጉርዎ ላይ ምን ነበረበት?»

«ምንም።»

«ከፓኬት የሚወጣ ጥቁር ቀለም?»

«አልነካም።»

«ቅቤስ?»

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሦስት ልጃገረዶች ቀና አሉ። ሰገነት ዙሪያዋን አየች። «ቅቤ? እኔ? ቢሮ የምውል ሰው ነኝ እኮ!»

አሁን እውነቱን እንናገር። ማክሰኞ ራሷን ሲፈልጣት ውሎ እናቷ ከእንፍራንዝ የላኩላትን ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ ደፍታ ነው ያረፈችው። በየወሩ ታደርገዋለች። ረቡዕ በሳሙና ትታጠባለች፣ ሽቶ ትነፋለች፣ ቢሮ ትገባለች፤ «ወዙ እንዴት ያምራል» ሲሏት «የውጭ ዘይት ነው» ትላለች። ቅቤ የገጠር ነው፤ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ደግሞ ከገጠር መምጣቷን የምታውቀው የትውልድ ቦታ በሚጠይቅ ቅጽ ላይ ብቻ ነው።

«ከፀጉራቸው ትንሽ ወስጄ ላሳድርና ነገ ልቀባቸው?» አለች ዘሊካ ወደ ግሩም ዞራ።

«ማዘር፣ ሰዓቱ እስከ ስድስት ተኩል ነው። ማሳደር የሚባል ነገር ቅጹ ላይ የለም።»

ዘሊካ «ቢስሚላህ» ብላ ከጆጉ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰች። ውሃው ፀጉሩን አላረጠበውም። እንክብል እንክብል እያለ ተንከባሎ ወረደ። አባቷ ጣና ዳር ደልጊ ላይ ጀልባ ሲሠሩ የሳንቃውን መጋጠሚያ ቅባት ካጠጡት በኋላ ውሃ ይረጩበት ነበር፤ ውሃው እንዲህ ከሸሸ ጀልባው ደረሰ ማለት ነው። ለጀልባ ደስ ይላል። ሂና ለሚቀባ ሰው ግን መርዶ ነው።

ዘሊካ ወደ ሰገነት ጆሮ ጎንበስ አለች። «እትዬ ሰገነት፣ በእኔና በእርስዎ ይቀራል። መቼ ነው የተቀቡት?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አልተቀባሁም አልሁሽ! ብትፈልጊ እነሣለሁ።»

ብትነሣ አለቀ። ሞዴሏ ጥላት የሄደች ተፈታኝ እንደወደቀች ትቆጠራለች፤ ይህን ግሩም ጠዋት ሁለት ጊዜ አንብቦላቸዋል። ዝም ብላ ብትቀባውም አለቀ፤ ቅቤ የያዘው አናት ነጭ እንደሆነ ይቀርና ዳር ዳሩ ይቀላል፤ ሰገነት ቅዳሜ ልጇ ምረቃ ላይ የምትገኘው ዳቦ ቆሎ ላይ ወተት የፈሰሰ መስላ ነው። ቅቤን የሚያወጣው ሙቅ ውሃ ነው። ሙቅ ነገር በአዳራሹ ውስጥ አንድ ብቻ አለ፤ ፔርሙዙ። እሱ ለሂናው ነው። በእሱ ካጠበች ሂናውን የምታቦካው በቀዝቃዛ ይሆናል፤ በቀዝቃዛ የቦካ ሂና በሦስት ሰዓት ይያዝ አይያዝ የሚያውቀው አላህ ነው።

ፔርሙዙን አነሣችና ከፈተችው።

«ማዘር! ሻይ ነው የሚያፈሱባቸው?»

«ሙቅ ውሃ ስለሌለ ነው።»

«ያ ደግሞ... የልብስ ሳሙና ነው?»

«አዎ።»

ግሩም ጻፈ። ዘሊካ ሻዩን እያፈሰሰች በሳሙናው አሸች፤ አናቱን፣ ጆሮ ግንዱን፣ ማጅራቱን። ሽቶው ሸሸ። ከሥሩ ሌላ ሽታ ተነሣ፣ ማንም የጎጃም ወይም የጎንደር ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀው። ሳፋው ውስጥ በሻዩ ላይ ቢጫ ቢጫ የቅባት ዓይን ተንሳፈፈ።

«ወይኔ፣ ቅቤ!» አለች ትንቢት፣ አጠገቧ የምትፈተን ምላሷ የማያርፍ ልጅ። «በእመብርሃን፣ አንድ ቅል ይወጣዋል!»

ሃያውም ሳቁ። ሰገነት ራሷ እየተንጠባጠበ ከወንበሩ ግማሽ ተነሣች፤ እጇ ቦርሳዋን ይፈልጋል። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። አንድ እርምጃ ብትሄድ የዘሊካ በር ይታሸጋል።

«የእኔ ነው» አለች ዘሊካ።

ሳቁ ቆመ።

«ጠዋት እጄ ደርቆብኝ ቅቤ ነክቼ ነበር። ሳልታጠብ መጣሁ። አጥፍቻለሁ።»

ሰገነት ቀስ ብላ ተቀመጠች። አላመሰገነችም፤ ዞራም አላየቻት። ግሩም ቅጹ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረ።

የቀረው በቀዝቃዛ ውሃ ሆነ። ዘሊካ ሦስቱንም ሎሚ ጨምቃ፣ ዱቄቱን አቡክታ፣ ፀጉሩን በየመስመሩ ከፍላ ከሥር እስከ ጫፍ አለበሰችው። በፌስታል ጠቀለለችውና ሰገነትን እጇን ይዛ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ያጋለው የቆርቆሮ ግድግዳ አጠገብ አስቀመጠቻት። እሳት የለም፤ ፀሐይ ትሥራው። የሐይቁ ነፋስ ሲመጣ ነጠላዋን ዘርግታ እየጋረደች፣ ነፋሱ ሲተኛ ነጠላውን እየሰበሰበች አጠገቧ ቆመች።

ትንቢት የራሷን ቀብታ ጨርሳ ወጣች። «እማማ ዘሊካ፣ ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ?»

«ምን አደረግሁ?»

«ንጽሕና የሚለው ጥያቄ ኮከብ አለበት። ኮከብ ያለበትን የጣለ ሌላውን ሁሉ ቢደፍነውም ይወድቃል። እርስዎ ደግሞ ጥለውታል። አይቻለሁ፣ ኤክስ ነው ያደረገበት።»

የዘሊካ ነጠላ ጫፍ ከእጇ አመለጠና ነፋሱ ፌስታሉን አንኮሻኮሸው። ሰገነት በፌስታሉ ሥር ሁሉንም ሰምታለች። ጆሮ በሂና አይደፈንም።

ትንቢት ስትገባ፣ ሰገነት ከፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ እያየች «ማን ጠየቀሽ?» አለች።

«ዝቅ ይበሉ፣ ነፋስ እንዳይመታዎት» አለች ዘሊካ።

ሦስቱ ሰዓት እንዲህ ነጠላ በመዘርጋትና በመሰብሰብ አለፈ።

በስድስት ሰዓት ፀጉሩ ታጠበ። አንድም ቦታ ሳይዘልል ይዟል፤ አናቱም ዳሩም። ግን ያ ነጩ ሁሉ ካሮት ነው፤ ያውም የተላጠ ካሮት። ጥቁሩ እንደ ጥቁርነቱ አለ። ሰገነት መስተዋቱን ተቀብላ አየች፤ ዳግም አየች።

«ምንድን ነው ያደረግሽኝ? ልጄ እኮ ቅዳሜ ነው የምትመረቅ!»

«ዛሬ ጥሬ ነው፣ እትዬ። ነገ ይወርዳል፣ ቅዳሜ ይበስላል። ወላሂ እልዎታለሁ። ሳሙና ብቻ አያስነኩት።»

«ይበስላል! ሽሮ መሰለሽ?»

ግሩም ካርዱን አስጠጋ። ከሰባቱ ቀለማት አንዱም ካሮት አልነበረም። ሌሎቹ ሃያ ራሶች ከአንድ ጣቃ እንደተቀደደ ጨርቅ እኩል ጠቁረው ተሰልፈዋል፤ እሱም እነሱን ሲያይ ልቡ ረክቷል። «ገና ብቁ አይደሉም፣ ማዘር። ቀለሙም ንጽሕናውም።»

«ቀለሙን ሰኞ ይዩት።»

«ቅጹ እስከ ሰኞ ስድስት ሰዓት እኔ ጋ ነው፤ ሊታይ ይችላል። ኮከቡንስ ምን ሊያደርጉት ነው?»

ዘሊካ ቆርቆሮዋን ወደ ዘንቢሏ መለሰች። ሰገነት ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራ፣ ቦርሳዋን አንሥታ፣ ደህና ዋሉም ሳትል ወጣች።

ዓርብ ከሰዓት ካሮቱ መዳብ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት መዳቡ ጠቁሮ ቡናማ ሆነ፤ ነጩ ከጥቁሩ ጋር ተሰበጣጥሮ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ከውስጥ የሚቀላ። ሰገነት ግን መስተዋት ተቀይማ ስለነበር አላየችውም፤ ሻሿን እንዳሰረች ምረቃው ላይ ሄደች። ፎቶ ሲነሡ ሔራን «እማዬ ደግሞ! ሊቀ ጳጳስ መሰልሽ እኮ!» ብላ ሻሹን ገፈፈችባት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሕሊና ነው የሚል ካለ እንደፍጥርጥሩ። አምስት ሴቶች «የት ተሠራሽው?» አሏት። ለአምስቱም «አዲስ አበባ» አለቻቸው። የኮሌጁ ዲን ሚስት ደግሞ በጣቷ ነክታ «እኔንም ውሰጅኝ» አለቻት። ሰገነት እሑድ ማለዳ ሻሽ ሳታስር ቤተ ክርስቲያን ሄዳ (ነጠላዋ ደግሞ እንደ ድንገት ወደ ትከሻዋ እየተንሸራተተ)፣ ስትመለስ የዘሊካን ቤት ጠይቃ ሰው ላከች። የተላከችው ተመልሳ «ነገ ይታሸጋል አሉ፣ ወድቃለች» አለቻት። ሰገነት አስላችው። ሽበት በወር ስንት ጣት ያድጋል? በሐምሌ ሥሩ ነጭ ይሆናል። በነሐሴ ሁለት መልክ ይኖራታል። ያንን ቀለም ደግሞ ከቱቦ የሚጨምቅ የለም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዘሊካ የውድቀት ወረቀቷን ልትቀበል አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣለች። ግሩም ሃያ አንድ ቅጽ እየቆጠረ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ በሩ ተከፈተና ሰገነት ገባች። ራሷን አልሸፈነችም።

«ለማየት ነው የመጣሁት» አለች። «ማለቴ፣ ልታይ።»

ግሩም ካርዱን አወጣ፤ ፀጉሩ ላይ አስደገፈው፤ አራትና አምስት መካከል ዓይኑ ዋለለ። «ይሄ ያ ነው?»

«ያ ነው» አለች ዘሊካ።

«ደስ ይላል። ግን ኮከቡ አለ። እጃቸው ላይ ቅቤ—»

«እሱ ላይ ነው ነገሩ» አለች ሰገነት። ጉሮሯን ጠረገች። ትንቢት ወረቀቷን ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋም አራት አምስት ልጆች። «የእሷ እጅ ንጹሕ ነበር። እኔ ራሴ ላይ... የሆነ ማለስለሻ ነበረበት።»

«ምን ዓይነት ማለስለሻ?»

«የፀጉር። ኮንዲሽነር ነገር።»

«ምርቱ ማን ይባላል? መጻፍ አለብኝ።»

«ከዘመድ ነው የመጣው።»

«ከውጭ?»

«ከእንፍራንዝ።»

በሩ ላይ አንዷ አፏን በእጇ አፈነች። ዘሊካ ወለሉን እያየች ነው፤ ጣቶቿ የዘንቢሉን ጆሮ ጨብጠዋል። ቃሉን እሷ ብትናገርላት አንድ ሰከንድ ነበር የሚፈጀው። አልተናገረችም።

«ወይዘሮ ሰገነት፣ ቅጹ ላይ 'የሆነ ነገር' ብዬ መጻፍ አልችልም። ስም ይስጡኝ ወይ እንዳለ ልላከው። ሃያ ደቂቃ ነው የቀረኝ።»

ሰገነት ልጆቹን አየች፣ መስተዋቱን አየች። መስተዋቱ አሸነፈ።

«ቅቤ ነው! ቅቤ! እናቴ የናጠችው ለጋ ቅቤ! በየወሩ እቀባለሁ፣ ነገም እቀባለሁ፣ ምን ይሁን ነው? ጻፈው! የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሰገነት ቅቤ ትቀባለች ብለህ ጻፈው፣ ማኅተምም ምታበት!»

ትንቢት ልትስቅ ጀምራ ተወችው። እሷም እኮ ከዘንዘልማ ናት፤ እናቷ በየሳምንቱ ነው የምትቀባት።

ግሩም ኤክሱን ሰርዞ ፈረመበት። ከዚያ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። «አራት ልበለው አምስት?» ሰገነትን ወደ መስኮቱ ወሰዳት፤ አምስት ሆነች። ወደ ውስጥ መለሳት፤ አራት ሆነች። እንደገና ወሰዳት።

«ልጄ» አለች ዘሊካ፣ በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የት እንዳቆምሃቸው ነው የሚወስነው። ጥላው ውስጥ ናቸው አሁን። ጻፍ።»

አራት ብሎ ጻፈ። ከሥሩ «ብቁ»።

«እንግዲህ በሐምሌ እመጣለሁ» አለች ሰገነት፣ ነገሩ ሁሉ የእሷ ቸርነት እንደሆነ ዓይነት።

«ይምጡ። ስጠይቅዎት ግን እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሁለተኛ የማጥብዎት ሻይ የለኝም።»

ዘሊካ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከታ፣ ሰገነትን ተሰናብታ እየሮጠች ወጣች። ሊያሽጉብኝ ነው ብላ ያልተቀመጠችው ሴት፣ ጎረቤቷን ዜማን ጠዋት በሁለት ሰዓት ቀብታ በረንዳ ላይ ትታት ነው የመጣችው። መንገድ ዳር ያገኘችውን ባጃጅ አስቆመች።

«ግሽ አባይ! ቶሎ በል ልጄ፣ የሰው ራስ ላይ እየደረቀብኝ ነው!»